የማሙሽ ክፍል

ሚያዝያ 6

ለወንድሜ ለማሙሽ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ ተሻለህ? እኛ ክፉ አንልም፤ ቆመን እንሄዳለን። እማዬም ከነሳሏ አለች። ጠዋት ጠዋት ስምህን ጠርታ ሳትመርቅህ ውሃ እንኳ አትቀምስም። የዛሬውን ምርቃቷን አድርሻለሁ፤ አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ።

ይህቺን ወረቀት ለብቻህ አንብባት፤ መልሷንም ለብቻዬ አድርገህ ላክልኝ። እንደምታውቀው የእማዬን ደብዳቤ የሚያነቡላት ጎረቤታችን ጋሽ መምህሩ ናቸው። እኔ ሳነብላት "ጨመርሽበት፣ ቀነስሽበት" እያለች አታምነኝም። ስልክ እንደሆነ አይሰማትም። ወረቀት ግን ትራሷ ስር አድርጋ ትተኛለች። ስለዚህ እንደ ወትሮው ሁለት ወረቀት በአንድ ፖስታ፤ የሷ ለሷ፣ የኔ ለኔ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ሳምንት ሐኪም ዘንድ ወስጃት ነበር። የምሠራበት ሆስፒታል ስለሆነ ወረፋ አልጠበቅንም፤ እዚያ አንሶላ በማጠቤ ያገኘሁት ጥቅም ይኸው ነው። ዶክተሩ ደረቷን አዳምጦ ሲያበቃ እሷን ውጪ አስቀምጦ እኔን አስገባኝ። "የምትተኛበት ክፍል ይረጥባል?" አለኝ። "ኧረ ይረጥባል" አልኩት። "እንግዲያው ሌላ ክረምት እዚያ ካሳለፈች ሳንባዋ አይችለውም" አለኝ። ዙሪያ ጥምጥም የለ፣ ምን የለ፣ እንዲሁ ነው ያለኝ።

ክፍሏን ታውቀዋለህ። የኋላው ግድግዳ ከአፈሩ ጋር የተጣበቀ ነው። ክረምት ሲመጣ ውሃው ከስር ይገባል፤ ፍራሹ ሳይቀር ሻጋታ ሻጋታ ይሸታል። የፊተኛው ክፍል፣ ያንተ የምንለው፣ ፀሐይ ሲመታው የሚውል፣ እንደ አጥንት የደረቀ ነው። ግን በየት በኩል ይገባል? አንተ የላክኸው ካርቶን እስከ ጣሪያ ተደርድሯል። ሚስት ስታገባ ትተኛበታለህ ብላ ያስቀመጠችው አልጋ ላስቲኩ እንኳ አልተቀደደም። ቁም ሳጥኑ አለ፣ ስድስቱ ወንበር አለ፣ አባዬ ሳይጠግናቸው የሞተባቸው የሰው ሬዲዮኖች አሉ። ቁልፉ ደግሞ በክር ታስሮ እማዬ አንገት ላይ ነው። "ወደ ፊተኛው ክፍል እናዛውርሽ" ስላት ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? "ክፍሉ ከተያዘበት በምን አፉ ይመጣል?"

እንደማትመጣ አውቃለሁ። አንተም ታውቃለህ። የማታውቀው እሷ ብቻ ናት። የምለምንህ አንድ ነገር ነው፤ በሚነበብላት ወረቀት ላይ "ዘንድሮ አልመጣም፣ ዕቃውን አውጡት፣ እዚያ ተኚበት" ብለህ ጻፍላት። ካንተ ካልሰማች ቁልፉን ለሞት እንጂ ለኔ አትሰጥም።

ሌላው ደግሞ፣ እውነቱን ልንገርህ፣ ብትሰጠኝም ከየት እንደምጀምር አላውቅም። ባለፈው ብርድ ልብስ ላውጣ ብዬ ገብቼ፣ በሩ ላይ ቆሜ ቆሜ፣ ብርድ ልብሱንም ሳላወጣ ዘግቼው ወጣሁ። ያንተ እንጀራህ የሞተና የለቀቀ ሰው ቤት ዕቃ እያወጡ ማራገፍ አይደል? እስቲ ንገረኝ፣ እንዴት ነው የሚጀመረው?

እህትህ


ግንቦት 1

ለእትዬ፣

ሰላምሽ ይብዛልኝ። የኔን ድርሻ ጭምር የሚሸከመው እጅሽ አይዛልብኝ። መልሱ የዘገየው በክፋት አይደለም። በዚህ ወር ሥራ በላያችን ላይ ተዘረገፈብን፤ ሰው የሚሞተውም፣ ከቤት የሚወጣውም በአንድ ላይ ሆነ።

እንዴት እንደሚጀመር ጠይቀሽኛል። አለቃችን አዲስ ሠራተኛ ሲቀጥር የሚነግረው ነገር አለ፤ ሥራ በፎቶግራፍ አይጀመርም። ፎቶና ደብዳቤ በእጁ የያዘ ሰው ቀኑ አለቀ በይው። ከበሩ ጀምሪ። መጀመሪያ እግርሽ የሚቆምበትን ቦታ ብቻ አስለቅቂ። ከዚያ ከባዱን፣ የተሰበረውን፣ ማንም ስሙን የማያነሳውን ዕቃ አውጪ። እሱ ሲወጣ ዓይንሽ ባዶ ቦታ ያያል፤ ባዶ ቦታ ደግሞ ያስጎመጃል፣ ሌላ ያስወጣሻል። ልቤ እስኪነሳሳ ብለሽ አትቀመጪ። እኔ እስከማውቀው ልብ የሚነሳው እጅ ከተነሳ በኋላ ነው።

ባለፈው ሐሙስ አንዲት የሞተች አሮጊት ቤት ገባን። ዘመዷ ነኝ ያለ ሰው ቁልፉን በሌላ ሰው ልኮ በስልክ "ሁሉንም ጣሉት" አለን። ከሥራ ጓደኛዬ ከረጅሙ ጋር ሆነን እስከ ምሳ አጠናቀቅነው። ምሳችንን እዚያው ባዶው ወለል ላይ በላን። ረጅሙ "ይቺ ሴትዮ ስንት ዓመት የሰበሰበችውን በግማሽ ቀን!" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ግድግዳውን በሲሚንቶ ብታስለስኚውስ? ወይም የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ግዢላት፤ የሚያስፈልገውን በሚመጣው ሳምንት እልካለሁ። የእማዬን ወረቀት አብሬ አድርጌዋለሁ። እንዳልሽኝ ለማድረግ ሞክሬያለሁ።

ወንድምሽ

*(ለእማዬ የሚነበብ)*

ለምወድሽ እናቴ፣

ከእግርሽ ስር ሆኜ ጉልበትሽን ስሜአለሁ። እኔ በጣም ደህና ነኝ። ሥራውም ጥሩ ነው፣ አለቃዬም ይወደኛል። እማዬ፣ እትዬ የምትልሽን ስሚያት። ክፍሌ ውስጥ ያለውም ዕቃ ትንሽ ቢቀል ሳይሻል አይቀርም። እኔም ክረምቱ ሲገባ ብቅ ሳልል አልቀርም። እስከዚያው ራስሽን ከብርድ ጠብቂ።

ልጅሽ ማሙሽ


ግንቦት 19

ማሙሽ፣

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ ከኔ ከዚህ በላይ ሰላምታ አትጠብቅ።

"ብቅ ሳልል አልቀርም" ብሎ ነገር ምንድን ነው? ምን ነካህ አንተ ሰውዬ? ጋሽ መምህሩ መነጽራቸውን ሰክተው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ እንደ ዜና አነበቡት። "እስቲ ይድገሙልኝ" አለች። ደገሙላት። "እሱን የመጨረሻውን ብቻ" አለች። ደገሙላት። ከዚያማ ምን ልንገርህ! ከአልጋዋ ወርዳ እልልታዋን አቀለጠችው። ያ ሁሉ ሳል የት እንደገባ እንጃ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ አንተን በሆዴ ስረግምህ ነበር፤ ይቅር ይበለኝ።

ሰው ክረምት ሳይገባ ቤቱን ያራግፋል፤ እኛ ጨመርንበት። ለመስኮትህ አዲስ መጋረጃ አስገዝታኛለች። የሰፈራችን ባለሱቋ ልትሸጠው የነበረውን ጠረጴዛ "ልጄ የሚጽፍበት" ብላ አስገብታለች። ለሰፈሩ ሁሉ አውርታለች። ጋሽ መምህሩ እንኳ "መቼ ነው የሚመጣው?" እያሉ ይጠይቁኛል። ምን ልበላቸው?

ምክርህን ግን ሞክሬያለሁ፤ ይሄን አልክድህም። ለልጇ መምጫ እንድወለውለው ቁልፉን ስትሰጠኝ፣ ይቺን ቀንማ አላሳልፋትም ብዬ ከበሩ ጀመርኩ። የአባዬን ሬዲዮኖች። ሦስቱን አውጥቼ በረንዳው ላይ ደረደርኳቸው። እውነትህን ነው፤ ያቺን ባዶ ቦታ ሳያት እጄ ፈጠነ፣ ጭራሽ ማዜም ሁሉ ጀምሬ ነበር። ዞር ስል በሩ ላይ ቆማለች፤ ግድግዳ እየዳሰሰች መጥታ። "የሬዲዮው ባለቤት ቢመጣስ?" አለችኝ። "እማዬ፣ ባለቤቱ ከሞተ ስንት ዘመኑ!" አልኳት። "ልጆቹ ይመጣሉ። ሰው ዕቃውን ትቶ አይቀርም" አለችኝ። አንድ በአንድ መለስኳቸው።

ካርቶኖቹንም ከፍቼ አይቻለሁ፤ ዛሬ ሳይሆን ድሮ። ኮቶቹ ከምታራግፈው ቤት የመጡ የሙታን ኮቶች መሆናቸውን ካወቅሁ ቆየሁ። በአንዱ ኪስ የሰው መነጽር ነበረበት፣ በሌላው የተናፈጡበት መሐረብ። እሷ "ልጄ ከሱቅ መርጦ የላከው" እያለች ለሰው ታሳያለች። አልነገርኳትም፤ አልነግራትምም፤ እጅህ ላይ ያለውን ነው የላክኸው። ግን አስበው እስቲ። ክፍሉን የሞላው ያንተ ዕቃ እንኳ አይደለም። እናታችን ለማታውቃቸው ሙታን ዕቃ ደረቁን ክፍል ለቅቃ እሷ እርጥበት ላይ ትተኛለች።

እንደማትመጣ ጻፍላት። ለምን እንደማትመጣም ቢያንስ ለኔ ንገረኝ። ትላንት የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቧል፤ ግድግዳው ስሩ ጠቁሯል።

እህትህ


ሰኔ 8

ለእትዬ ብቻ፣

እግዜር ቁጣሽን ያብርድልሽ። ተቆጪኝ፣ ይገባኛል። ብቻ አትኩረፊኝ፤ ከዚያ ቤት እውነቱን የምነግራት ሰው አንቺ ብቻ ነሽ።

ጠይቀሽኛል፣ ልንገርሽ። የመኖሪያ ወረቀቴ ካለቀ ቆየ። አለቃችን እያወቀ ዝም ብሎ ያሠራኛል፤ ደመወዜን ሲያዘገይብኝም እኔ ዝም እለዋለሁ። ከዚህ አገር ከወጣሁ ተመልሼ አልገባም። ልምጣ ብል ደግሞ ምን ይዤ? በዚህ ዕድሜዬ ወገቤ ተቆርጦ፣ ባዶ እጄን፣ እማዬ ባነጠፈችልኝ አልጋ ላይ ልጋደም? ሚስትህ የታለች ስትለኝ ምን ልበላት?

ስንት ጊዜ ጀምሬ እንደቀደድኩት ብታዪ። "እማዬ" እላለሁ፣ "ደህና ነኝ" እላለሁ፣ "አልመጣም" የምትለው ቃል ላይ ስደርስ እጄ አልታዘዝ ይላል። ከዚያ ሳላስበው "ብቅ እላለሁ" ብሎ ይጽፋል። የማላውቀው ሰው ዕድሜ ልኩን ያጠራቀመውን በግማሽ ቀን የማወጣ ሰውዬ አንዲት ቃል ማውጣት አቃተኝ።

አንቺ ለምን አትነግሪያትም እትዬ? ዓይን ለዓይን እየተያያችሁ ይሻላል። ካልሆነም ጋሽ መምህሩን ለምኛቸው፤ የእማዬን ወረቀት ይዘው፣ አልመጣም ብዬ የጻፍኩ አስመስለው ያንብቡላት። እኔ ሰላምታ ብቻ ነው የጻፍኩት፤ ስለ መምጣት ክፉም ደግም አላነሳሁም። የማሞቂያውን ገንዘብ ልኬያለሁ።

ወንድምሽ


ሰኔ 28

ማሙሽ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ቶሎ ልጻፍና ተመልሼ ልግባ።

ጋሽ መምህሩን ለመንኳቸው። "ልጄ፣ ስንት ዘመን ሳነብ ያልተጻፈ አንብቤ አላውቅም። አሁን ለታመመች ሴት ብዬ አልጀምርም" አሉኝ። ተቆጥተውም አይደለም፤ እጄን ይዘው ነው። ያንተን ሰላምታ እንደተጻፈ አነበቡላት። "መቼ እንደሚመጣ አላለም?" አለች። "አላለም" አሏት። "እንግዲያው መንገድ ጀምሮ ይሆናል" አለች።

እኔው ነገርኳት እንግዲህ። ቁጭ ብዬ፣ እጇን ይዤ፣ ጆሮዋ ስር ጮክ ብዬ "ማሙሽ አይመጣም እማዬ" አልኳት። ቀና ብላ ያየችኝን አስተያየት ጠላትህ አይየው። "ክፍሉን ለራስሽ ፈልገሽው ነው" አለችኝ። ይሄን ሁሉ ዓመት ያጠብኳት፣ ያበላኋት እኔ! ከዚያ ወዲህ ስትተኛ ቁልፉን በመዳፏ ጨብጣ ነው። ክሩን ቆርጬ መውሰድ አቅቶኝ እንዳይመስልህ። አንድ ሁለቴ እጄን አስጠግቼ መልሻለሁ። ብወስደው በቁሟ አንተን የቀበርኩባት ይመስላታል።

ዝናቡ ገብቷል። አልጋዋን ከግድግዳው አርቄ መሐል ወለል ላይ አድርጌዋለሁ፤ ከስር ጆንያ አንጥፌበታለሁ። ማሞቂያው ግድግዳውን ላብ በላብ ያደርገዋል እንጂ አያደርቀውም። ትላንት አንሶላዋ ላይ ደም አየሁ። ደም ያለበት አንሶላ ማጠብ ሥራዬ ነው፤ ስንቱን አጥቤ ምሳዬን እየበላሁ እመለሳለሁ። ይሄኛውን ግን ሳፋው ውስጥ ነክሬው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ገንዘብ አልፈልግም። ከእንግዲህ ገንዘብ ብትልክ እመልሰዋለሁ። አራት መስመር ነው የምፈልገው፣ በራስህ እጅ የተጻፈ። ቃሉ አቃተኝ አልከኝ፤ እኔም ክፍሉ አቅቶኝ ነበር፣ ከበሩ ጀምሪ አልከኝ። አንተም ከበሩ ጀምር። መጀመሪያ "አልመጣም" በል፣ ሰላምታህ ኋላ ይድረስ።

እህትህ


ሐምሌ 21

ለእትዬ፣

ጻፍኩት። አንብቢውና ለጋሽ መምህሩ ስጫቸው፤ ደግሜ ሳላየው ነው ፖስታው ውስጥ የከተትኩት። ሰላምታ እንኳ የለውም። እናቴን ሰላም ሳልል ስጽፍ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ማሙሽ

*(ለእማዬ የሚነበብ)*

አልመጣም እማዬ። ዘንድሮም አልመጣም፣ ከርሞም የምመጣ አይመስለኝም። ታምሜ አይደለም፣ ታስሬም አይደለም፤ ሰርቼ እበላለሁ። መምጣት ግን አልችልም። እትዬ የነገረችሽ እውነት ነው፤ ክፍሉን ለራሷ ፈልጋ አይደለም፣ ላንቺ ብላ ነው።

ክፍሉን የያዝሽልኝ ይበቃኛል። ዕቃውን ለሚፈልገው ስጪው። የአባዬን ሬዲዮኖችም ስጪያቸው። አልጋው ላይ ግን አንቺ ተኚበት፤ ሌላ ሰው እንዲተኛበት አልፈልግም። ጠዋት ፀሐይዋ በመስኮቱ ትገባለች። ትንሽ ሆኜ እዚያ ቦታ አስቀምጠሽ ነበር ጥፍሬን የምትቆርጪልኝ። እዚያ ተኚ፤ እኔ አለሁ።

ልጅሽ


ነሐሴ 25

ለወንድሜ፣

እግዜር ያጥናህ። በስልክ ባለሱቋ እንደነገረችህ አውቃለሁ፤ እኔ መናገር ስላልቻልኩ ነው። እንዴት እንደሆነ ግን ከኔ ልትሰማው ይገባል።

ወረቀትህ በደረሰ ዕለት ጋሽ መምህሩ አነበቡላት። ይድገሙልኝ ትላለች ብዬ ስጠብቅ "ገባኝ" አለች። ከዚያ ክሩን በራሷ ላይ አሳልፋ አወጣችና "አንሺኝ" አለችኝ።

ደግፌ ወሰድኳት። ከስድስቱ አንዱን ወንበር በሩ ላይ አስቀመጥኩላት፤ ብርድ ልብስ ደረብኩባት። እኔ ከየት እንደምጀምር ስወላውል "ምን ትገተሪያለሽ? ከበሩ ነዋ!" አለችኝ። ያንተን ምክር ማን ነግሯት! ባለሱቋ ከሁለት ተሸካሚዎች ጋር መጣች፣ ጋሽ መምህሩ ኮታቸውን አወለቁ። እማዬ ወንበሯ ላይ ሆና በጣቷ ታዛለች። "ይሄ ለዚያች፣ ይሄ ለዚያ። ኮቶቹ ለሆስፒታሉ ዘበኞች፤ ብርድ ላይ ነው የሚያድሩት።" ሬዲዮኖቹ ሲወጡ ጋሽ መምህሩ "ባለቤቶቹስ?" ብለው ቀለዱባት። "እነሱ አሁን ሰማይ ቤት የልጆቼ አባት የሚለፍፍላቸውን ይሰማሉ፤ ሬዲዮ ምን ያደርግላቸዋል" ብላ ሳቀች። በሳቋ መሐል ሳል ያዛት፤ ግን ሳቀች። ዓመታት የፈራሁት ክፍል ምሳ ሳይደርስ ባዶ ሆነ። ከአልጋው በቀር።

በዚያ አላበቃችም። "ወደኔ ክፍል እንሂድ" አለች። ቀሚሶቿን፣ ነጠላ ጫማዋን፣ የአባዬን ካፖርት፣ ድስቶቿን ሁሉ "ይውጣ፣ ይውጣ" አለች። እኔ ሞኟ ደስ አለኝ፤ እንደ ድሮዋ ለክረምት ቤት የምታጸዳ መሰለኝ። ባለሱቋ ግን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ "ይሄ የሚኖር ሰው ማራገፍ ነው?" አለችኝ። "ተያት፣ ልቧ ተነሳስቷል" ብዬ ተቆጣኋት።

የአልጋውን ላስቲክ በራሷ እጅ ቀደደችው። ተኛች። ክፍሉ ደርቆ፣ ሞቆ፣ ሳሏ በሁለት ቀን ቀለላት። ደም አልነበረም። ዶክተሩ ቤት ድረስ መጥቶ አዳምጧት "ይሄ ነው የምፈልገው፣ ጎበዝ!" አለኝ። ምግብ ስሰጣት ግን ፊቷን ታዞራለች። "ምነው እማዬ?" ስላት "ጠገብኩ" ትለኛለች። ለመንኳት፣ ተቆጣኋት፣ ጋሽ መምህሩ ለመኗት። ድሮ ዓይኗን ከአጥሩ በር ላይ አትነቅልም ነበር፤ አሁን ወደዚያ ዞርም አላለች። ስምህን ጠርታ መመረቋን ብቻ አልተወችም፤ ይሄን የምጽፍልህ ልታውቀው ስለሚገባህ ነው። አንድ ጠዋት ፀሐይዋ ፊቷ ላይ ወጥታ አልነቃችም።

ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ ያ ክፍል ውስጥ ነው የተቀመጠው። ሰፊ መሆኑን ያየነው ያን ጊዜ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ሥራ ገብቻለሁ። ሰው "ምኗን ነበር ያመማት?" ይለኛል። ዶክተሩ የሞቷ ወረቀት ላይ ሳንባ ብሎ ጽፏል፤ ሳሏ ቀሎላት እንደነበር እሱም ያውቃል። ጻፍ፣ ጻፍ እያልኩ የጨቀጨቅኩህ እኔ ነኝ። የጻፍከው አንተ ነህ። አንተም ጋ የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ሳንባዋ ነው በል፤ እኔም እንደዚያው እያልኩ ነው።

እህትህ